መንገደኛውን የገደል ወፍ ስለ መለየት

ሰው በዓይኑ ያየውን ሁሉ ለይቶ ያውቃል ማለት አይደለም። ማየት የዓይን ሥራ ነው፤ መለየት ግን የልብና የትዕግሥት ሥራ ነው። ዳኛ በችሎት ተቀምጦ ምስክር በሚሰማበት ጊዜ «አየሁ» በሚለው ቃል ብቻ አይረካም። በስንት ሰዓት አየህ፣ በምን ያህል ርቀት ቆመህ ነበር፣ ፊቱን ነው ያየኸው ወይስ ጀርባውን፣ ሌላ ሰው ቢሆንስ በምን ለየኸው ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ለሰው ነገር ብቻ የሚያስፈልግ ይመስላል፤ ነገር ግን በአገራችን ሰማይ በየዓመቱ የሚያልፉትን መንገደኞች ወፎች ለማወቅም ከዚህ የተሻለ መንገድ አልተገኘም። ስለዚህ ዛሬ ከእነዚህ መንገደኞች አንዱ የሆነውን የገደል ወፍ በምሳሌ አንሥተን፣ እንደ ግራና ባለ ስፍራ የሚኖር ሰው እንዴት ሊለየውና እንዴት ሊመሰክርለት እንደሚችል ጥቂት ለመጻፍ አስበናል።

ግራና በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ ስፍራ ነው። በስተ ምዕራብ በኩል የወሎ ደጋ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሞለታል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ምድሩ እየዝቀጠ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ሸለቆው ከቆቦ ጋራ ተያይዞ በቆቦ ግራና ሸለቆ ስም የታወቀ፣ ጤፍና ማሽላ የሚበቅልበት፣ በመስኖም የሚለማ ምድር ነው። በዚህ ስፍራ ዐለታማው ቁልቁለት፣ የታረሰው ማሳና የቤተ ክርስቲያኑ ጥንታዊ ዛፍ በአንድ የእግር መንገድ ውስጥ ይገናኛሉ። ከሩቅ አገር የሚመጣ ወፍ የሚፈልገው ማረፊያም ይህን የመሰለ ነው፤ የሚቆምበት ከፍ ያለ ድንጋይ፣ የሚለቅመው ተባይ፣ ከጭልፊት የሚሸሸግበት ዛፍና ስንጥቅ ሁሉ በአንድ ላይ ይገኝበታልና።

የምንነግርለት ወፍ በሊቃውንት ዘንድ ሞንቲኮላ ሳክሳቲሊስ በሚል የላቲን ስም ይጠራል፤ ትርጓሜውም በተራራ የሚኖር የዐለት ወፍ ማለት ነው። ሳክሳቲሊስ በሚለው ስም በ1766 የመዘገበው የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኒየስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዞች ትረሽ ከሚሉት የወፍ ወገን ጋራ ሲቆጠር ኖሯል። በቅርብ ዘመን ሊቃውንት ዘሩን በጥልቅ መርምረው ዝንብ እያሳደዱ ከሚይዙት ወፎች ጎን ቢያስቀምጡትም፣ ትረሽ የሚለው ስሙ እስከ ዛሬ አልቀረም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ቀይ ጅራቱ የገደል ወፍ እንለዋለን።

የትውልድ አገሩ ከእስጳንያ ተራሮች ጀምሮ በደቡብ አውሮፓና በመካከለኛው እስያ አልፎ እስከ ሞንጎሊያ ይደርሳል። የሚያስደንቀው ነገር፣ በሞንጎሊያ የተፈለፈለው እንኳ ብርዱ ሲመጣ በአቅራቢያው ወዳለው ወደ ሕንድ ቆላ ከመውረድ ይልቅ ሰፊውን እስያ አቋርጦ ወደ አፍሪካ መምጣቱ ነው። የሚጓዘውም በሌሊት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ስለሚሄድ፣ እንደ ሽመላ በቀን በመንጋ ሆኖ በሰማይ ላይ ሲዞር አይታይም። ወደ ኢትዮጵያ የሚደርሰው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ማለት አደይ አበባ ከሚፈነዳበት ጀምሮ ማሽላው እስኪሰበሰብ ድረስ ነው። ሲመለስ ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ በዚሁ አገር ያልፋል። ከዚህ የተነሣ በሰኔና በሐምሌ ቀይ ጅራት ያለው ወፍ በገደል ላይ ያየ ሰው፣ ያየው መንገደኛውን ሳይሆን የአገሩን ነዋሪ መሆኑን አስቀድሞ መጠርጠር ይገባዋል።

ስለ ስም ጥቂት እንበል። አማርኛችን ለሚጠቅሙትም ለሚጎዱትም ወፎች መልካም ስም አለው፤ ቆቅና ጅግራ፣ እርግብና ዋኖስ፣ ቁራና ጭልፊት፣ ጉጉትና ድንቢጥ እያልን እንለያለን። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ከጽርዕ ወደ ግዕዝ የተተረጎመውን ፊሳልጎስ የተባለውን መጽሐፍ ስለሚያውቁ፣ የእንስሳትንና የአዕዋፍን ጠባይ መመርመር ለአገራችን ትምህርት አዲስ ነገር እንዳልሆነ ይመሰክራሉ። ነገር ግን ፊሳልጎስ የተጻፈው ከፍጥረት ጠባይ ምሥጢርንና ተግሣጽን ለማውጣት ነው፤ አንዱን ትንሽ ወፍ ከሌላው ትንሽ ወፍ በላባው ለመለየት የሚያስተምር መጽሐፍ አይደለም። ይህንን ሥራ በአገራችን ላይ ብዙውን የሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። የፍራንክፉርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ከ1831 እስከ 1833 ከምጽዋ ተነሥቶ በስሜንና በጎንደር ተዘዋውሮ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1837 ከታች የምናነሣቸውን ሦስት የአገራችንን ወፎች በስማቸው ለዓለም አስታወቀ። ኋላም በ1971 ኤሚል አርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በአዲስ አበባ አሳተሙ፤ በ2009 ደግሞ ጆን አሽና ጆን አትኪንስ እያንዳንዱ ወፍ በየትኛው ክፍል እንደታየ በካርታ የሚያሳይ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። በአገራችን የታወቁት ወፎች ቁጥራቸው ከ800 በላይ ነው። እነዚህ መጻሕፍት የተጻፉት በምስክሮች ቃል ነው፤ ምስክር ያልቆመበት ስፍራ በካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ባዶ መሆኑም ወፉ በዚያ የለም ማለት አይደለም።

ብርቅ የሚለውን ቃልም በጥንቃቄ ልንናገረው ይገባል። ቀይ ጅራቱ የገደል ወፍ በዓለም ሁሉ ሲታይ ሊጠፉ ከተቃረቡት ወገን አይቆጠርም። በአንድ መንደር ግን ብርቅ ይሆናል፤ ለምን ቢሉ፣ ብቻውን ይመጣል፣ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ደግሞም ከአገሩ ወፎች ጋራ ስለሚመሳሰል ሰው አይቶት ሳያየው ያልፋል። እንግዲህ ብርቅነት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የወፉ ማነስ ነው፤ ሁለተኛው የሚለየው ሰው ማነስ ነው። ፊተኛውን እኛ በፈቃዳችን ልንለውጠው አንችልም። ሁለተኛውን ግን በትምህርትና በትጋት ልናርቀው እንችላለን።

አሁን ወደ መለየቱ እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ወፉ ጠባይ ነው። ቀይ ጅራቱ የገደል ወፍ ከድንቢጥ የሚበልጥ፣ ከዋኖስ የሚያንስ፣ ርዝመቱ ከ17 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ደረቱ ሰፊ ጅራቱም አጭር የሆነ ወፍ ነው። ብቻውን በድንጋይ ጫፍ፣ በአጥር እንጨት ወይም በደረቀ ዛፍ ራስ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ተባይ ሲያይ ወደ መሬት ወርዶ ይይዝና ወደ ቆመበት ይመለሳል። በቆመበትም ጊዜ ጅራቱን ያንቀጠቅጣል። ፌንጣ፣ ጥንዚዛና አባ ጨጓሬ ምግቡ ናቸው፤ የዱር ፍሬም ይለቅማል። እህል የሚያጠፋው ግሪሳ ግን በሺህና በአሥር ሺህ ሆኖ በመንጋ የሚሰፍር ትንሽ ወፍ ነው። ስለዚህ በማሽላ ማሳ ዳር ብቻውን በድንጋይ ላይ የቆመውን ወፍ ከግሪሳ ጋራ አንድ አድርጎ በወንጭፍ መምታት፣ ሌባውን ትቶ ዘበኛውን እንደ መቅጣት ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጅራት ነው። ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው ምልክት ይህ ስለሆነ፣ ወፉ ሲነሣና ሲያርፍ ዓይንን ከጅራቱ ማንሣት አይገባም። የቀይ ጅራቱ የገደል ወፍ ጅራት፣ ወንድም ቢሆን ሴትም ቢሆን፣ አሮጌም ቢሆን ጫጩትነቱን ገና የጨረሰ፣ እንደ ሸክላ የቀላ ነው፤ በመካከሉ ያሉት ላባዎች ብቻ ይጠቁራሉ፤ ጫፉ ላይ ግን ጥቁር መቀነት የለውም። ይህን አንድ ነገር በእርግጥ ያየ ሰው ከመንገዱ ግማሹን ሄደ ማለት ነው።

ሆኖም ጅራቱ ቀይ የሆነ ወፍ ሁሉ እርሱ አይደለም። በአገራችን ገደል ዓመቱን ሙሉ የሚኖር፣ ሩፔል በ1837 ስም ያወጣለት ትንሹ የገደል ወፍ አለ። ይህ ከ15 እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ጀርባው፣ ጉሮሮውና የደረቱ ላይኛ ክፍል እንደ ጢስ ግራጫ ነው፤ ሆዱ ይቀላል። ጅራቱም ቀይ ሆኖ መካከሉና ጫፉ ጥቁር ስለሆነ፣ ሲዘረጋው መስቀለኛ ምልክት ተገልብጦ የተሣለበት ይመስላል። እንግዲህ በጫፉ ጥቁር መቀነት ያለው የአገሩ ነዋሪ ነው፤ መቀነት የሌለው መንገደኛው ነው። ከዚህም በቀር ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣ ፎኒኩሩስ የሚባል ሌላ ባለ ቀይ ጅራት መንገደኛ አለ፤ እርሱ ግን 14 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቀጭን ወፍ ስለሆነ፣ መጠኑን ከድንቢጥ ጋራ ያስተያየ ሰው አይሳሳትበትም።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ጀርባና ስለ ደረት ነው። ወንዱ በመጋቢት ሲመለስ ልብሱ ያማረ ነው፤ ራሱና ጉሮሮው ሰማያዊ ግራጫ፣ ደረቱና ሆዱ ብርቱካን መሳይ ቀይ፣ ክንፉ ጥቁር፣ በጀርባውም ላይ ነጭ ምልክት ይታይበታል። ይህንን ያየ ሰው ብዙ መመራመር አያስፈልገውም። ችግሩ የሚመጣው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ያን ጊዜ የወንዱ አዲስ ላባ ጫፍ ጫፉ ነጣ ስለሚል፣ ሰማያዊነቱና ነጭ ጀርባው ተሸፍኖ መላ አካሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ይመስላል። ሴቲቱ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ቡናማ ናት፤ ሆዷም ፈዘዝ ያለ ሆኖ በጥቁር ቅርፊት የተሣለ ነው። ስለዚህ በመኸር ጊዜ ወንዱንና ሴቲቱን ከመለየት በፊት፣ ቅርፊት መሳዩን ደረትና ቀዩን ጅራት በአንድነት ማየት ያስፈልጋል። አንዱ ብቻ ቢታይ ምስክርነቱ አልተሟላም።

ቅርፊት መሳይ ደረት ኖሮት ጅራቱ ግን ጥቁር ሆኖ ቢገኝስ? በዚህ ጊዜ ሁለት ሌሎች ወፎች ይጠረጠራሉ። ፊተኛው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኝ፣ ይህንንም ሩፔል በ1837 ያስታወቀው ነጭ ክንፉ የገደል ወፍ ነው። ወንዱ ጥቁር፣ ሆዱ ቀይ ሆኖ ሲበር በክንፉ ላይ ነጭ ምልክት ስለሚያሳይ በቀላሉ ይታወቃል። ሴቲቱ ግን ጠቆር ያለች፣ ደረቷ በነጠብጣብ የተሣለ ስለሆነች፣ በመልክ ከመንገደኛው ሴት ጋራ ትመሳሰላለች፤ የሚለያቸው የጅራታቸው ቀለምና ርዝመት ነው። ሁለተኛው ከመንገደኞቹ ወገን የሆነው ሰማያዊው የገደል ወፍ ነው። ላቲኖች ሶሊታሪዩስ ይሉታል፤ ብቸኛ ወይም ባሕታዊ ማለት ነው፤ ጠባዩም እንደ ስሙ ነው። ከቀይ ጅራቱ ይልቅ ርዝመት አለው፤ ከ21 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ምንቃሩም ጅራቱም ረዘም ይላል። ወንዱ መላ አካሉ ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ይመስላል፤ ሴቲቱ ጥቁር ቡናማ ናት። በሁለቱም ላይ ቀይ ጅራት አይገኝም። ይህ ባሕታዊ ከቀይ ጅራቱ ይልቅ በቁጥር የሚያንስ እንግዳ ስለሆነ፣ አየሁት የሚል ሰው የምንቃሩን ርዝመትና የጅራቱን ቀለም ሳይጽፍ ሊቀር አይገባውም።

ከግራና በላይ ወዳለው ደጋ የሚወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና ያገኘዋል። በደጋው ሜዳና ሣር ላይ፣ ደረቱ በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ጥቂት ሮጦ የሚያርፍ ወፍ አለ። ይህ ሩፔል ከስሜን ስም ያወጣለት የአገራችን ትረሽ ነው። ከአውሮፓ የሚነሣ፣ ዘማሪው ትረሽ የሚባል ሌላ ወፍ ደግሞ እንደዚሁ ደረቱ ነጠብጣብ አለው። ዘማሪው ትረሽ ብርዱን የሚያሳልፈው በአብዛኛው በደቡብ አውሮፓ፣ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ስለሆነ፣ በእኛ ደጋ መታየቱ እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ ነጠብጣብ ያለበትን ደረት ያየ ሰው ልቡ ወደ ብርቁ እንዳይቸኩል ይጠንቀቅ። የአገሩ ወፍ በፊቱ ላይ ጥቁር ምልክቶች ጎላ ብለው ይታያሉ፤ ጅራቱ አጭር ነው፤ የሚውለውም በገላጣ ሜዳ ነው። ዘማሪው ትረሽ ፊቱ ምልክት የሌለው፣ ጀርባው ቡናማ፣ ነጠብጣቡ የቀስት ጫፍ የመሰለ ሆኖ፣ ከቁጥቋጦና ከዛፍ ጥላ አይርቅም። ደግሞም በደጋው አብያተ ክርስቲያናት ዛፍ ሥር ቅጠል እየገለበጠ ትል የሚለቅመው፣ ምንቃሩ ብርቱካን የሚመስለው ወፍ፣ በ1789 ግሜሊን የሐበሻ ትረሽ ብሎ የሰየመው፣ ጫጩቶቹ ደረታቸው ነጠብጣብ አለው። ሦስቱ በአንድ ነጠብጣብ የሚመሳሰሉ ናቸውና፣ ሕጉ ይህ ይሁን፤ ብርቁን ከማመን በፊት ተራውን ሁሉ አንድ በአንድ መርምሮ ማሰናበት ይገባል።

ይህንን ሕግ የናቁ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው ከእንግሊዝ አገር ታሪክ እንማራለን። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በሄስቲንግስ ከተማ አካባቢ ከ1892 እስከ 1930 ድረስ እጅግ ብዙ ብርቅ ወፎች ተገኙ እየተባለ በየጊዜው ተመዘገበ። ወፎቹ ተገድለው ቆዳቸው እየተሞላ ለሰብሳቢዎች በብዙ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1962፣ ብሪቲሽ በርድስ የተባለው መጽሔት አዘጋጆች መዝገቡን በሒሳብ ሊቅ አስመርምረው፣ በዚያ ዘመን በዚያ ስፍራ የታየው የብርቅ ወፍ ቁጥር ከአጎራባቹ ጋራ ፈጽሞ የማይመጣጠን መሆኑን አረጋገጡ። ስድስት መቶ ያህል መዛግብትም ከአገሩ የወፍ መዝገብ ተሠረዙ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከተሠረዙት ወፎች ብዙዎቹ በኋላ ዘመን በእውነት ወደ እንግሊዝ መምጣታቸው በታመኑ ምስክሮች መታወቁ ነው። እንግዲህ ሐሰተኛው ምስክርነት ያደረሰው ጉዳት የሌለውን አለ ማሰኘቱ ብቻ አልነበረም፤ እውነተኛውንም አብሮ አስጠርጥሮ ከመዝገብ አስወጣው። መዝገብ የያዘ ሹም ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ በግብር መዝገብም ሆነ በርስት መዝገብ አንድ የሐሰት መስመር ሲገኝ፣ የቀሩት መቶ መስመሮች እምነት ያጣሉ።

ምናልባት «ወፍ ቢታወቅ ባይታወቅ ለአገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱን ከሁለት ነገር እናገኘዋለን። በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ገደሎች ላይ ቀይ ጅራቱ የገደል ወፍ ቀድሞ ይራባ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ ስፍራ ጠፍቷል። ይህ መጥፋቱ የታወቀው፣ በነበረበት ዘመን «አለ» ብለው የጻፉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። በመዝገብ ያልነበረ ነገር ሲጠፋ፣ ጠፋ የሚል ሰው አይገኝም። ሁለተኛውን ከራሳችን አገር እንውሰድ። በ2020 መኸር የበረሃ አንበጣ ሰሜን ወሎን ጨምሮ በምሥራቅ አማራ ያለውን ሰብል በወረረ ጊዜ፣ የገበሬውን እህል ለማዳን ፀረ ተባይ መድኃኒት በምድርም በአየርም ተረጨ። አንበጣውን መከላከል የግድ ነበር፤ የተራበ ሕዝብ ይቅደም። ነገር ግን ወራቱ ተባይ በሊታዎቹ መንገደኞች ወፎች የሚደርሱበት ወራት ነበር። መድኃኒቱ ምግባቸውን አጥፍቶ እነርሱንም ቀንሶ እንደሆነ ለመናገር የሚችለው፣ ከዚያ ዓመት በፊት በየመኸሩ ቆጥሮ የጻፈ ሰው ብቻ ነው። ፌንጣንና አባ ጨጓሬን በነጻ የሚለቅም ሠራተኛ ከማሳችን ቀርቶ እንደሆነ የሚነግረን መዝገብ ከሌለን፣ የሚቀጥለውን ርጭት የሚያዝዘው ሹም በምን መዝኖ ያዝዛል?

ስለዚህ የምስክሩን ጽሑፍ ሥርዓት እናስታውስ። አስቀድሞ ቀኑ፣ ሰዓቱና የስፍራው ስም ይጻፋል፤ የስፍራው ስም ወረዳው ብቻ ሳይሆን ጎጡና የገደሉ ወይም የደብሩ ስም ጭምር መሆን አለበት። ቀጥሎ ተመልካቹ የቆመበት ርቀት በእርምጃ፣ ፀሐይ ከፊቱ ወይም ከኋላው መሆንዋ ይገለጣል፤ ፀሐይ ከወፉ ኋላ ስትሆን ሰማያዊውም ቡናማውም ጥቁር መስሎ ይታያልና። ከዚያም ያዩት ምልክት አንድ በአንድ ይዘረዘራል፤ ጅራት፣ የጅራት ጫፍ፣ ጀርባ፣ ደረት፣ ምንቃር፣ መጠን፣ ጠባይ። ያላዩትንም «አላየሁም» ብሎ መጻፍ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ የጅራቱን ጫፍ ያላየ ሰው አላየሁም ቢል ጽሑፉ ይከበርለታል እንጂ አይዋረድም። ይህ ሁሉ መጻፍ ያለበት የሥዕል መጽሐፍ ከመገለጡ በፊት ነው። መጽሐፉን አስቀድሞ የተመለከተ ሰው፣ ሳያስበው ሥዕሉን ከዓይኑ ትዝታ ጋራ ይቀላቅለዋልና። አብሮ ያየ ሌላ ሰው ካለ፣ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይጻፉ። በመጨረሻም የወፉ ስም ይጻፋል፤ ምልክቱ ካልተሟላም «የገደል ወፍ፤ ዓይነቱ ያልተለየ» ብሎ መተው ይበቃል።

ለዚህ ሥራ ጠመንጃ አያስፈልግም። በሩፔል ዘመን ወፍ የሚለየው ተገድሎ በእጅ ሲያዝ ነበር፤ ዛሬ አቅራቢ መነጽርና በኪስ የሚያዝ ስልክ የሚያነሣው ፎቶግራፍ ያንን ሥራ ይፈጽማሉ። መነጽር የሌለው ሰውም ቢሆን በትዕግሥት ተቀምጦ ቢጠብቅ፣ ወፉ ከድንጋይ ወደ መሬት እየወረደ ሲመላለስ ጅራቱን ብዙ ጊዜ ይገልጥለታል። ማሽላ ለመጠበቅ ከንጋት እስከ ምሽት በማማ ላይ የሚውሉት ልጆች ከማንም የበለጠ ጊዜና ስፍራ አላቸው፤ መምህራቸው ግሪሳውን ከገደል ወፉ እንዲለዩ ቢያስተምራቸው፣ ወንጭፋቸው ለሚገባው ብቻ ይወረወራል። የደብር አገልጋዮችም በየዕለቱ ከማለዳ ጀምሮ በአንድ ዛፍና በአንድ ገደል አጠገብ ስለሚገኙ፣ ከሩቅ አገር መጥቶ ሁለት ቀን የሚሰነብት ሊቅ የማያገኘውን ያገኛሉ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የቀረው የአገር በቀል ዛፍ አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚገኝ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የዛፉን አደራ የጠበቁ ሰዎች የወፉን ምስክርነት ቢጨምሩበት ሥራቸው የተሟላ ይሆናል።

ለሹማምንትም የምንለው አለን። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ለዝናብና ለሰብል መዝገብ እንደሚያዝ፣ ለመንገደኞች ወፎችም አንድ ደብተር ቢከፈት ወጪው የወረቀትና የቀለም ብቻ ነው። ግልባጩ በ2011 ለተቋቋመው ለወልድያ ዩኒቨርሲቲና በ1966 ለተመሠረተው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ቢላክ፣ የግራና ሰው ቃል ከአገሩ ሊቃውንት መዝገብ ይገባል። ስለ ተሰዳጅ እንስሳት በ1979 በቦን ከተማ የተፈረመውን ስምምነት አገራችን ተቀብላዋለች። ውሉን መቀበል የመንግሥት ሥራ ነው፤ የትኛው መንገደኛ፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ገደል እንደሚያርፍ ለይቶ ማስታወቅ ግን በስፍራው የሚኖር ሰው ሥራ ነው። ከሞንጎሊያ ተነሥቶ በሌሊት ወደ ሀብሩ የሚደርስ ትንሽ ወፍ የይለፍ ወረቀት ይዞ አይመጣም፤ ማንነቱ የተጻፈው በጅራቱና በደረቱ ላይ ነው። ያንን ጽሑፍ በትክክል ማንበብ፣ ያላነበቡትንም አነበብን አለማለት፣ ከታማኝ ምስክር ሁሉ የሚጠበቅ ግዴታ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን እናሳስባለን።